ፏፏቴና የዱር እንስሳ በአንድ ቀን፦ የትኛው መስመር ለእናንተ ይሆናል?

አንድ ጥር ላይ አክስቴ ከዋሽንግተን መጣች። ጥምቀትን አከበረች፣ ዘመድ ጠየቀች፣ ሰርግ የጠራትን ሁሉ አዳረሰች። መመለሻዋ ሦስት ቀን ሲቀረው «አንድ ቀን እንኳ ከዚህ አቧራ አውጣኝ፤ ፏፏቴ አሳየኝ» አለችኝ። ብዙም ሳላስብ ደብረ ሊባኖስ ወሰድኳት። ድልድዩ ጋ ደርሰን ወደ ገደሉ አንገታችንን ብናሰግግ ዓለቱ ላይ ያለው አንድ እርጥብ መስመር ብቻ ነው።

«ይኸው ነው?» አለች።

«ነሐሴ ላይ ብታይው ኖሮ…» ብዬ ጀመርኩ።

«እኔ የመጣሁት በጥር ነዋ!»

ምን ይባላል? ቀኑን ያተረፈልኝ የጭላዳ ዝንጀሮ መንጋ ነው። አፋፉ ላይ ቁጭ ብለው ሣር ይነጫሉ። እኛን ከመጤፍ አልቆጠሩንም። አክስቴ አንድ ሰዓት ሙሉ ከዚያ አልነሣ አለች። መኪና ውስጥ ስንገባ ስለ ፏፏቴው ረስታዋለች፤ እኔ ግን አልረሳሁም።

ከዚያ ወዲህ ሰው «ለአንድ ቀን ቀለል ያለ የእግር ጉዞ የት ልሂድ?» ሲለኝ መልሼ የምጠይቀው ወሩን ነው። ቦታው ኋላ ይመጣል። ምክንያቱም ፏፏቴና የዱር እንስሳ በአንድ ወቅት አይገጥሙም። ደጋ ላይ ያሉት ትንንሽ ፏፏቴዎች የዝናብ ልጆች ናቸው። በሐምሌ ይወለዳሉ፣ በነሐሴና በመስከረም ይገማሸራሉ፣ ኅዳር ላይ ይከሳሉ፣ ጥርና የካቲት ላይ የሉም። ቆላ ያለ እንስሳ ደግሞ በተቃራኒው ነው። በክረምት ሣሩ ያድጋል፣ ውሃ በየቦታው ይገኛል፣ እንስሳው ይበታተናል። በበጋ ሣሩ ይሳሳል፣ ውሃው በጥቂት ቦታ ይቀራል፣ እንስሳውም ወደዚያው ይሰበሰባል። ሁለቱንም በደንብ አገኛለሁ የሚል ሰው መሐል ላይ ያሉትን ጥቂት ሳምንታት መያዝ አለበት። እነሱም ከመስከረም አጋማሽ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ናቸው። አደይ አበባው ገና ሜዳ ላይ ነው፣ ጭቃው ደርቋል፣ ውሃው አልጎደለም።

ችግሩ ብዙ ሰው የሚወጣው በዚያ ጊዜ አለመሆኑ ነው። ከውጭ የሚመጣው ዘመድ ለገናና ለጥምቀት ነው የሚመጣው። እዚህ ያለነውም ልጆች ትምህርት ሲዘጉ፣ ማለትም በክረምት ነው የምንነሣው። ስለዚህ ከታች ያሉትን መስመሮች ሳወዳድር «በየትኛው ወር?» የሚለውን ደጋግሜ አነሣለሁ። ሦስቱ ከአዲስ አበባ ደርሶ መልስ ናቸው፣ አንዱ ባሕር ዳር ላላችሁ ነው። ጎንደር ላላችሁ ደግሞ መጨረሻ ላይ አጠር ያለች ነገር አለችኝ።

ደብረ ሊባኖስ፦ እንስሳው የማይቀርበት

ከአዲስ አበባ በጎጃም መንገድ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እንጦጦን አልፎ ሱሉልታ፣ ጫንጮ፣ ሙከጡሪ፣ ደብረ ጽጌ። አስፋልት ነው፤ በማለዳ ከተነሡ ሁለት ሰዓት ተኩል አይፈጅም። በመንገድ ላይ የሰላሌን ወተትና እርጎ ሳይቀምሱ ማለፍ ነውር ነው። እኔ ሁልጊዜ ስመለስ እገዛለሁ እያልኩ፣ ስመለስ ያልቅብኛል። ስትሄዱ ግዙ።

የእግር ጉዞው አጭር ነው። መኪናው ከሚቆምበት እስከ ድልድዩ 20 ደቂቃ ያህል ቁልቁል መሄድ ነው። ስትመለሱ ያው መንገድ ዳገት ይሆናል። ቦታው 2,500 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ስለሆነ ከባሕር ወለል አጠገብ ካለ ከተማ የመጣ እንግዳ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ማለቱ አይቀርም። አክስቴ ጉልበቷን ያማታል፤ ሁለት ጊዜ አርፋ ወጣችው።

ድልድዩን ሰው ሁሉ «የፖርቱጋል ድልድይ» ይለዋል። ፖርቱጋሎች ግን አልሠሩትም። ያሠሩት የሰላሌው ገዥ ራስ ዳርጌ ናቸው፣ ጊዜውም የ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ነው። ድንጋዩ የተያያዘው በኖራና በሰጎን እንቁላል ቅርፊት ነው ይባላል። ውሃው በድልድዩ ሥር ያልፍና ጥቂት እንደሄደ ወደ ጀማ ሸለቆ ይወረወራል። በነሐሴ አፋፉ ላይ ስትቆሙ ድምፁ ደረታችሁ ውስጥ ይገባል። በጥር ምን እንዳለ ነግሬያችኋለሁ።

ጭላዳው ግን ዓመቱን ሙሉ አለ፤ ይህን መስመር ከሌሎቹ የሚለየው ይሄ ነው። ጭላዳ ከኢትዮጵያ ውጭ በዱር የሚኖርበት አገር የለም። ከተራው ዝንጀሮ የሚለየው በምግቡ ነው፦ ዋና ቀለቡ ሣር ነው። በጣቶቹ እየነጨ፣ ቁጭ እንዳለ በመቀመጫው እየተንሸራተተ ነው የሚግጠው። ደረቱ ላይ ያለችውን ቀይ ምልክት ከሩቅ ታዩዋታላችሁ። ወንዱ ጎፈር አለው። ሌሊቱን የሚያድሩት ገደሉ ውስጥ ነው፤ ነብርና ጅብ አይደርስባቸውም። ፀሐይ ስትሞቅ ወደ አፋፉ ይወጣሉ፣ ሊመሽ ሲል ይወርዳሉ። ስለዚህ ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት ደርሳችሁ ካላገኛችኋቸው አትደንግጡ። ገና እየወጡ ነው።

እግረ መንገዳችሁን ገዳሙን መሳለም ትችላላችሁ። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአቡነ ተክለ ሃይማኖት የተመሠረተ ነው። በግንቦት 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ትእዛዝ መነኮሳቱና ምእመናኑ የተጨፈጨፉትም እዚሁ ነው። ነጠላ ያዙ፤ ሴቶች ሱሪ ለብሳችሁ ከሄዳችሁ ቀሚስ ወይም መጠቅለያ ጨርቅ ያስፈልጋችኋል። አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ነሐሴ 24 የጻድቁ ዓመታዊ በዓል ነው። ውሃው የሚሞላበት ሰሞን ነው ብላችሁ በዚያ ቀን ብትነሡ መንገዱ በምእመናን ስለሚጨናነቅ የእግር ጉዞው ከመኪናችሁ ይጀምራል። ለመሳለም ከሆነ ሌላ ነገር ነው። ለሽርሽር ከሆነ ሳምንት አሳልፉት።

ሌላው የጸጥታው ነገር ነው። ባለፉት ዓመታት የጎጃም መስመር ሰላም የራቀው ጊዜ ነበረ። ዋዜማው ላይ በዚያ መንገድ የሚመላለስ ሹፌር ጠይቁ። ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ የወጣ የሳምንት ወሬ አይበቃም። በጊዜ ሂዱ፣ በጊዜ ተመለሱ።

መናገሻ ሱባ፦ ለእግር፣ ለዓይን ሳይሆን

ርዕሱ ትንሽ ጨከነ መሰለኝ። ግን እውነት ነው። ሱባ የምትሄዱት ለመራመድ ነው። እንስሳውና ፏፏቴው ምርቃት ናቸው።

ደኑ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ፣ የወጨጫ ተራራ ላይ ነው። ርቀቱ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በሰበታ በኩል ይገባል። የመጨረሻው ክፍል አስፋልት አይደለም። በበጋ ያለ ችግር ይኬዳል። በክረምት ግን ጭቃው አይምሬ ነው፤ ላንድክሩዘር ከሌላችሁ አትሞክሩት። አንድ ነሐሴ በጓደኛዬ አሮጌ ኮሮላ ሞክረን የአካባቢው ልጆች ገፍተው አወጡን፣ የኪሳችንንም ገፍተው አወጡ። ይበላቸው፤ ሠርተውበታል።

ደኑ ታሪክ አለው። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ሰሜን ሸዋ ካለው ከወፍ ዋሻ ደን የጽድ ዘር አስመጥተው እዚህ አስተከሉ ይባላል። ዐፄ ምኒልክም እንዳይቆረጥ አስጠብቀውታል። በአፍሪካ ከቀደሙት ጥብቅ ደኖች አንዱ ተብሎ የሚጠራው በዚህ ነው። ጽዱ፣ ዝግባው፣ ወይራው፣ ጥቁር እንጨቱ፣ ከፍ ሲሉ ኮሶው፣ ጫፍ አካባቢ አስታው። የጽዱን ግንድ ሦስት ሰው እጅ ለእጅ ተያይዞ ማቀፍ የሚያቅተው ቦታ አለ። አዲስ አበባ ውስጥ ባሕር ዛፍ ብቻ እያየ ያደገ ልጅ እዚህ ሲመጣ ደን ማለት ምን እንደሆነ ይገባዋል።

የእግር መንገዶቹ የተለያየ ርዝመት አላቸው። ከአንድ ሰዓት ሽርሽር እስከ ወጨጫ ጫፍ ድረስ፣ ማለትም 3,385 ሜትር። ጫፉ የዛሬ ጉዳያችን አይደለም፤ ያ ቀኑን ሙሉ የሚፈጅ ዳገት ነው። ወደ ትንሿ ፏፏቴ የሚወስደው ግን ልጅም አዋቂም የሚችለው ነው። ጥላ አለው። ፏፏቴዋ ትንሽ ናት፤ ዓባይን አስቦ የመጣ ሰው ይስቃል። ግን እግር የሚነከርባት፣ ምሳ የሚበላባት፣ ሰው የማይጋፋባት ናት።

እንስሳው ጉሬዛ ነው፤ ጥቁርና ነጭ፣ ረጅም ጭራ ያለው። ከዛፍ ዛፍ ሲዘል ነጩ ጠጉር እንደ ነጠላ ይዘረጋል። ብዙ ጊዜ ከማየታችሁ በፊት ቅርንጫፍ ሲንኮሻኮሽ ትሰማላችሁ። የምኒልክ ድኩላ የሚባለውም አለ፤ ወንዱ ጥቁር ለመባል ምንም አይቀረው። እሱን ለማየት ግን ዝም ማለት ያስፈልጋል። ስፒከር ይዞ፣ ሙዚቃ ለቆ የሚሄድ ቡድን ምንም ሳያይ ይመለሳል፣ ከዚያም «ምንም የለም» ብሎ ያወራል። ወፍ ለሚወዱ ግን ከአዲስ አበባ በዚህ ርቀት ይህን የመሰለ ቦታ ሌላ አላውቅም።

ወር? ጥቅምትና ኅዳር። መንገዱ ደርቋል፣ ፏፏቴዋም አልሞተችም።

ከደብረ ሊባኖስ ጋር ሳስተያየው ሱባ ይቀርባል፣ ጥላ አለው፣ መራመጃው ይረዝማል። ግን እንስሳ ለማየት ዕድል ይፈልጋል። ከእንግዳ ጋር ከሆናችሁና «ያየሁት ነገር አለ» ብሎ እንዲመለስ ከፈለጋችሁ ደብረ ሊባኖስ። ከራሳችሁ ጋር ወይም ከሁለት ጓደኛ ጋር ከሆናችሁ ሱባ። እኔ ዓመት ካመት የምመላለሰው ሱባ ነው፤ እንግዳ ይዤ ግን አንድም ጊዜ አልሄድኩም።

አዋሽ፦ በጥር የሚያኮራው

አክስቴን መውሰድ የነበረብኝ እዚህ ነው።

አዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ከአዲስ አበባ በስተ ምሥራቅ 225 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። እስከ አዳማ የፍጥነት መንገዱ አለ። ከዚያ በኋላ የጅቡቲ ቦቴና ተሳቢ ያለበት መንገድ ነው። አራት ሰዓት መድቡለት። መተሐራን ሳታልፉ በሰቃ ሐይቅን በመስኮት ታያላችሁ፤ ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ መሐል የተዘረጋ ውሃ ነው። ደርሶ መልስ በአንድ ቀን ይቻላል፣ ግን ከንጋቱ 11 ሰዓት መነሣት ግድ ነው። ማደር ከቻላችሁ እደሩ።

የፏፏቴው ነገር እንዲህ ነው። የአዋሽ ወንዝ የሚነሣው ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ ካለው ደጋ ነው፤ ባሕር ሳይደርስ ጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ገብቶ ይቀራል። በመሐሉ ደግሞ የቆቃ ግድብ አለ። ከ1952 ዓ.ም. ጀምሮ ውሃውን እየያዘ ለኤሌክትሪክ ይለቀዋል። ስለዚህ እንደ ደጋዎቹ ፏፏቴዎች ጥር ሲመጣ ጭልጥ ብሎ አይደርቅም። ሲሞላ ቡና በወተት የመሰለ ውሃ በጥቁር ዓለት ላይ በብዙ ቦታ ተከፋፍሎ ይወርዳል። ከፍታው ብዙ አይደለም፤ ስፋቱና ጉልበቱ ነው የሚያምረው። ከዋናው በር 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ገባ ብሎ ነው። መኪና እስከ አጠገቡ ስለሚደርስ ለአረጋውያን ከሁሉም የሚቀለው እሱ ነው። ወደ ታች መውረድ የፈለገ በደረጃ ይወርዳል።

እንስሳውን የምታዩት በአብዛኛው ከመኪና ሆናችሁ ነው። ይህን ቀድማችሁ እወቁ። ፓርኩ ውስጥ አንበሳም ጅብም ስላለ ዝም ብሎ በእግር መንሸራሸር የለም። በእግር የሚኬደው ከስካውት፣ ማለትም ከፓርኩ ጥበቃ ጋር ሆኖ በፏፏቴውና በገደሉ አፋፍ አካባቢ ነው። «ሃይኪንግ ነው የምፈልገው» የሚል ሰው ቅር ይለዋል። ኢላላ ሳላ የሚባለው ሜዳ ላይ ግን ሳላ ታያላችሁ። ቀንዱ ቀጥ ብሎ እንደ ጦር የቆመ፣ ፊቱ ጥቁርና ነጭ የተቀባ የሚመስል። የሜዳ ፍየልም አለ። ቁጥቋጦው ውስጥ አምባራይሌና ትንሿ እንሹ፣ መንገድ ዳር ከርከሮ ጭራውን ቀጥ አድርጎ ሲሮጥ። ወንዙ ዳር አዞ። የወፍ ዓይነቱ ከ450 በላይ ነው።

ዝንጀሮዎቹን ደግሞ በደንብ እዩዋቸው። አዋሽ ላይ ሁለት ዓይነት ዝንጀሮ ይገናኛል፦ ከላይ የሚመጣው አረንጓዴ ቡኒ ጠጉር ያለውና ከታች በረሃ የሚኖረው ግራጫ ካባ ያለው። ሁለቱ እዚህ ይዳቀላሉ። ተመራማሪዎች ለአሥርተ ዓመታት የተመላለሱበት ጉዳይ ነው። እኔ ይህን ሳላውቅ ነው መጀመሪያ የሄድኩት፤ አንዱ ሙዜን ከእጄ ነጥቆ ሲሮጥ የየትኛው ወገን እንደሆነ ለማጣራት ጊዜ አልነበረኝም። ፏፏቴው አጠገብ ምግብ አታውጡ። የመኪና መስኮትም ዝጉ።

ሙቀቱ ቀላል አይደለም። ቦታው 1,000 ሜትር አካባቢ ነው፤ ከአዲስ አበባ ከፍታ ከግማሽ በታች ነው። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ እኩለ ቀን እንስሳውም እናንተም ጥላ ፍለጋ ናችሁ። ከኅዳር እስከ ጥር ጥሩ ነው። የወባ አገር ስለሆነ ረጅም እጅጌና የትንኝ መከላከያ ቅባት ያዙ። በ2017 ዓ.ም. የመጀመሪያ ወራት እዚያው ባለው በፈንታሌ እሳተ ገሞራ አካባቢ መሬት ተደጋግሞ ሲንቀጠቀጥ ሰዎች ከቀያቸው እስከ መነሣት ደርሰው ነበር። አሁንም ከመሄዳችሁ በፊት ወደ ፓርኩ ደውሎ ሁኔታውን መጠየቅ አይከፋም።

ጢስ ዓባይ፦ ለውሃው ብቻ

የድሮውን የአንድ ብር ኖት የሚያስታውስ ሰው ጢስ ዓባይን አይቶታል፤ ጀርባው ላይ ነበር። ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከፍታው 40 ሜትርን ያልፋል፤ ሲሞላ ስፋቱ እስከ 400 ሜትር ይደርሳል። በስፋት ሌሎቹ ሦስቱ ተደምረው አይደርሱበትም።

ይህ ግን ሲሞላ ነው። ጢስ ዓባይ ላይ የኃይል ማመንጫ ከተሠራ ቆይቷል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሁለተኛውና ትልቁ ሲጨመር ከፏፏቴው የሚጠለፈው ውሃ በዛ። በ2002 ዓ.ም. ደግሞ የጣና በለስ ማመንጫ ሥራ ጀመረ፤ እሱ ውሃውን ከጣና በሌላ በኩል ይወስዳል። ስለዚህ በጥርና በየካቲት የምታዩት ጢስ ዓባይ የብር ኖቱ ላይ ያለው አይደለም። ከገደሉ ጠርዝ በአንዱ ጥግ የሚወርድ ነው። ያምራል፤ ግን ልኩን ቀድማችሁ ካወቃችሁ ነው የሚያምረው። ነሐሴ፣ መስከረም፣ ጥቅምት ላይ ከሄዳችሁ ስሙ ከየት እንደመጣ ሳትጠይቁ ይገባችኋል። ጢሱ ልብሳችሁን ያርሰዋል።

የእግር ጉዞው ከሁሉም መስመሮች የሚያስደስተኝ ነው። ከመንደሩ ወጥታችሁ ቁልቁል ወደ አላታ ድልድይ ትወርዳላችሁ። ይህ ድልድይ የ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው፤ እዚህ የፖርቱጋል ስም ከሰላሌው ይልቅ ያስኬዳል። ከዚያ ዳገቷን ወጥታችሁ በመንደር መሐል ፏፏቴው ፊት ለፊት ትደርሳላችሁ። ቀጥሎ ተንጠልጣዩን የእግረኛ ድልድይ ተሻግራችሁ፣ ከፏፏቴው በላይ በጀልባ ዓባይን አቋርጣችሁ ትመለሳላችሁ። ሁለት ሰዓት ያህል በዝግታ። በመጣችሁበት ስለማትመለሱ አይሰለችም። ከዝናብ በኋላ ድንጋዩ ያንሸራትታል፤ ዱላ የሚያከራዩ ልጆች አሉ፣ ተከራዩ።

እንስሳ? ጦጣና ወፍ። ለጉማሬ ከሆነ ባሕር ዳር ከተማው ራሱ ይሻላል። ዓባይ ከጣና በሚወጣበት አካባቢ በጠዋት በጀልባ ከወጣችሁ ጆሮውንና አፍንጫውን አውጥቶ የሚያያችሁ አይጠፋም። ጠዋት ጉማሬ፣ ከሰዓት ፏፏቴ ብታደርጉት አንድ ቀን ሙሉ ይሆናል።

በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል ግጭት ከተቀሰቀሰ ወዲህ ይህ መስመር እንደ ቀድሞው በፈለጉት ቀን ብድግ ብለው የሚሄዱበት አይደለም። ከአዲስ አበባ ለሚነሣ ሰው አውሮፕላን ነው ምርጫው። ከባሕር ዳር እስከ ጢስ ዓባይ ያለችውን መንገድም የከተማው ሰው «ዛሬ ይኬዳል» ሲል ብቻ ሂዱ። ባሕር ዳር ዘመድ ካላችሁ ከማንም አስጎብኚ በላይ እሱን ስሙ።

ጎንደር ላላችሁ ደግሞ፣ ያው የመንገዱን ነገር ጠይቃችሁ፣ ስሜን ተራሮች አለ። ሰው ስሜን ሲባል የአምስት ቀን ጉዞና ድንኳን ነው የሚመጣበት። ግን ከደባርቅ ስካውት ይዞ እስከ ሳንቃበር በመኪና ሄዶ፣ ከዚያ አጭር መንገድ ተጉዞ የጅንባርን ፏፏቴ ማየት የአንድ ቀን ሥራ ነው። ውሃው ግጭ ገደል ውስጥ ይወረወራል። ቁመቱ ከጢስ ዓባይ አሥር እጥፍ በላይ ነው። መንገድ ላይ ጭላዳ በመቶ የሚቆጠር ታገኛላችሁ። ዋልያ ግን በዚህች ቀን አትጠብቁ፤ እሱ ከዚያ አልፎ ነው። ከፍታው ከ3,000 ሜትር በላይ ስለሆነ ራስ ምታት የሚይዘው አለ። ጃኬት አትርሱ።

ከማን ጋር ነው የምትሄዱት?

ከወሩ ቀጥሎ ያለው ጥያቄ ይሄ ነው። እናታችሁን ወይም ጉልበቱን የሚያመውን አጎት ይዛችሁ ከሆነ አዋሽ፤ መንገዱ ይረዝማል ግን መራመጃው ያጥራል። ሁለተኛ ደብረ ሊባኖስ፣ ዳገቱን በዝግታ። ጢስ ዓባይን ለእነሱ አልመክርም፤ በጀልባው በኩል ሄዶ በጀልባው መመለስ ካልሆነ በቀር።

ከአሥር ዓመት በታች የሆኑ ልጆች? ሱባ። መኪና ውስጥ አራት ሰዓት የተቀመጠ ልጅ ሳላ ብታሳዩት ቀና ብሎ አያይም። ደብረ ሊባኖስም ጥሩ ነው፤ ግን የገደሉ አፋፍ አጥር የለውም። እጃቸውን ይዛችሁ ነው የምትውሉት፤ ያ ደግሞ ሽርሽር አይባልም።

መኪና ከሌላችሁ ደብረ ሊባኖስ ብቻ ነው የሚያዋጣው። ወደ ፍቼ የሚሄድ ሚኒባስ መገንጠያው ላይ ያወርዳችኋል። ለአዋሽ መኪና ግድ ነው፤ አውቶቡስ ከበሩ ላይ ቢያወርዳችሁም ውስጡን በእግር አትዞሩትም። ሰባት ስምንት ሰው ሆናችሁ አባዱላ ብትከራዩ ከምታስቡት በታች ይወጣል። ሹፌሩ እንቅልፉን ጠግቦ መምጣቱን አረጋግጡ። የሞጆ መንገድ ላይ ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ የተሳቢ መብራት ዓይናችሁን እያጠፋው መንዳት አይመከርም። ስለዚህ ከአዋሽ ቢዘገይ 9 ሰዓት ላይ ውጡ።

ፎቶ ለሚያነሣ ሰው ጭላዳን የሚያህል የለም፤ ረጅም ሌንስ አያስፈልግም፣ ስልክም ይበቃል። ግን ግልገል ያዘለች እናትና መንጋው መሐል አትግቡ። ምግብም አትስጡ። ዳቦ የለመደ ጭላዳ ሣሩን ትቶ መኪና መጠበቅ ይጀምራል፣ ቀጥሎ ቦርሳ መፈተሽ።

የመግቢያ ክፍያው ይለዋወጣል፤ ጥሬ ገንዘብ ያዙ፣ ኔትወርክ የማይሠራበት ቦታ አለ። የነዋሪና የውጭ ዜጋ ዋጋ ስለሚለያይ መታወቂያችሁን አትርሱ፤ ከውጭ የመጣው ዘመድም ቢጫ ካርድ (የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ) ካለው ይያዝ። ስካውት ካለ ከመነሣታችሁ በፊት ሒሳቡን ተነጋገሩ። የሰው አንድ ተኩል ሊትር ውሃ፣ ለአዋሽ እጥፍ። ቆሎ፣ ዳቦ፣ ሙዝ ለሱባ፤ ለአዋሽ ሙዙን ተዉት። ጫማ ስኒከር ይበቃል፣ ከነሐሴ እስከ መስከረም ከሆነ ግን ቦቲ። ዝናቡ አዲስ አበባ ላይ ስላልዘነበ ሰላሌም አይዘንብም ማለት አይደለም፤ የጀማ ሸለቆ ከሰዓት በኋላ በጉም ሲሞላ አፋፉ ላይ ቆማችሁ የራሳችሁን ጫማ ላታዩ ትችላላችሁ። ያን ጊዜ ውሃውን ታዳምጡታላችሁ እንጂ አታዩትም። ጉሙ የሚገለጠው ብዙውን ጊዜ በማግስቱ ጠዋት ነው።